ዜንዜሌን ሊወስዱ የመጡት ሰው

የኤማዶልዌኒ የልጆች ማረሚያ ደወል የተደወለው አርብ ጠዋት፣ አገዳ ቆራጮቹ ገና እጃቸውን ሲያፍታቱ ነበር። ማረሚያው ከተዘጋ ወዲህ ያንን ደወል የነካ ሰው የለም። ድምፁ ኮረብታውን ወርዶ ማሳው ላይ ሲደርስ፣ ከቆራጮቹ መካከል ሸምገል ያሉት ገጀራቸውን ጥለው ቀጥ ብለው ቆሙ አሉ። በልጅነታቸው እዚያ የታሰሩ ናቸው። እግራቸው ሳያማክራቸው ታዘዘ።

እኔና ኢንስፔክተር ቶቢሌ ማካዬ ስንደርስ አምቡላንሱ ከግቢው እየወጣ ነበር። ውስጡ የግቢው ጠባቂ ባባ ዶንዳ ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። ቦታው ተዘግቶ ሣር ሲውጠው እንኳ ከበር ቤቱ ንቅንቅ ያላሉ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሻይ የሚያፈሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እጁን የሚያነሳ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ብዬ ከመኪናው የወረድኩት በንዴት ጦፌ ነው። ቁርሴን አለመብላቴም ሳይጨምርበት አልቀረም።

"አለቃ፣ ይዤዋለሁ!" እያለ ኮንስታብል ክዌዚ ሮጦ ተቀበለን። ሥራ ከጀመረ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ የመጀመሪያ ትልቅ ጉዳዩ ስለሆነ ፊቱ ያበራል። "እጅ ከፍንጅ! አጠገባቸው ተቀምጦ ነው ያገኘሁት።"

"ለምን አልሸሸም?" አለችው ኢንስፔክተር።

"እ… ሽማግሌ ነው፣ ደክሞት ይሆናል።"

"ደወሉንስ ማን ደወለው?"

ክዌዚ ዞሮ ወደ ደወሉ አየ። ስለ ደወሉ አላሰበም።

ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ በአንድ በኩል ግድግዳ አለው። በሌላው በኩል ገደል ነው፤ መደገፊያ የሚባል የለውም። ከታች ወለሉ ላይ ደም ነበር። ከደሙ አለፍ ብሎ ጨለማ ክፍል የሚሉት፣ መስኮት የሌለው ጎሬ፣ የብረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቷል። ደረጃው አጋማሽ ላይ አንድ ፋኖስ ተቀምጦ አሁንም ይበራል።

"ራሳቸው ሥር ይሄ ነበር" ብሎ ክዌዚ ደም የነካው ኮት አሳየን። ኮቱ ተጣጥፎ ትራስ ሆኖ ነበር።

"የማን ነው?"

"የተጠርጣሪው።"

ተጠርጣሪው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ የቀሩ ሰው ናቸው። ቅጠሉ ያልረገፈ እሾሃም ቅርንጫፍ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘዋል። ኢንስፔክተር ቅርንጫፉን ስታይ ቆም አለች። ባርኔጣዋን አወለቀች። እኔም አወለቅሁ።

ኡምፓፋ ነው፣ የቁርቁራ ዘመድ። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት መንፈሱ ከሞተበት ቦታ አይነቃነቅም። ከዘመድ አንዱ ይህን ቅርንጫፍ ይዞ ይሄዳል፣ እዚያው ቦታ ላይ በስሙ ይጠራዋል፣ ከዚያ ይዞት ወደ ቤት ይመለሳል። መንገድ ላይ ከሟቹ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ለሕያው ሰው አንዲት ቃል ከተነፈሰ የሞተው እዚያው ይቀራል፤ ዳግመኛም አይጠራም።

ከመታወቂያቸው ስማቸው ምዚሜላ መሆኑን አየን። ቤታቸው ሩቅ ሰሜን ነው፣ በሚኒባስ የአንድ ቀን መንገድ። ወደ መኪናችን ሳስገባቸው ጎንበስ ብለው ለቅርንጫፉ አንሾካሾኩ።

"ዜንዜሌ፣ አሁን መኪና ውስጥ እየገባን ነው። አትፍራ ወንድሜ። ፖሊሶች ናቸው፤ ግን የድሮዎቹ አይደሉም።"

ሃያ ዓመት ፖሊስ ሆኜ እንደዚያ ያለ ምስክርነት ተሰጥቶኝ አያውቅም። መሪውን ይዤ መንገዱ ደበዘዘብኝ።

ጣቢያው ውስጥ ሻምበል ናይዱ ጠበቀን። አያቶቹ አገዳ ሊቆርጡ ከሕንድ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ቋንቋችንን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። ሕግ አጥባቂ ነው። ሲቆጣ እንኳ በአንቀጽ ነው የሚቆጣው።

"ቃላቸውን ተቀበልሽ?"

"አይናገሩም፣ ሻምበል።"

"ከቅርንጫፍ ጋር ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ፣ ማካዬ! ለእንጨት የሚናገር ሰው ለእኔ ምላሱ ይያዛል?"

"እርስዎ አልሞቱማ።"

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ሻምበሉ ግን አልሳቀም።

"ስሚኝ። ልማዱን አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም። ግን አንድ ሰው ሞትና ሕይወት መካከል ተኝቷል። ሐኪሙ ደውሎ ነበር። የዶንዳ መዳፍ በእሾህ ተወጋግቷል። ታግለዋል ማለት ነው። ያ ቅርንጫፍ ኤግዚቢት ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ ላቦራቶሪ የሚሄደው መኪና ይወስደዋል። እሳቸውም ወይ ቃላቸውን ይሰጣሉ፣ ወይ እስከ ሰኞ እዚህ ይቆለፍባቸዋል።"

"ቅርንጫፉን ከነጠቅናቸው ወንድማቸውን ነው የምንነጥቃቸው።"

"እንግዲያውስ መኪናው ሳይሄድ ሌላ ጥፋተኛ አምጪልኝ።"

ስንወጣ በእስር ክፍሉ በኩል አለፍን። ሽማግሌው ቅርንጫፉን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘዋል። "ይሄ ያ ቤት አይደለም፣ ዜንዜሌ" ይሉታል። "መስኮት አለው። ተመልከት፣ ሰማይ ይታያል።"

"ንዳ ቬላፒ፣ ንዳ!" አለችኝ ኢንስፔክተር።

መጀመሪያ የሄድነው ተመልሰን ወደ ማረሚያው ግቢ፣ ዱዱዚሌ ዘንድ ነው። ማረሚያውን ሙዚየም ለማድረግ የተቋቋመው ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። ስታለቅስ አገኘናት፤ ባባ ዶንዳ እንደ አባቷ ነበሩ።

"ያንን ቁልፍ የት አገኙት?" አለች አይኗን እየጠረገች። "ዓመቱን ሙሉ ስንፈልገው ነበር እኮ! በሩን በጋዝ እንቁረጠው ስንል 'አይቆረጥም፣ በቁልፉ መከፈት አለበት' አሉን። ቁልፉ የታለ ስንል ደግሞ 'የለም'።"

"የሚጠላቸው ሰው አለ?"

"ማን ይጠላቸዋል? ግን ትናንት አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ፋን ሮየን የሚባል ነጭ ሽማግሌ፣ የድሮው ዋና ወህኒ ጠባቂ። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ሲጮህባቸው ሰማሁ። 'ስሜን ካነሳህ ወዮልህ!' ሲል።"

"የመዳብ ሽቦ ሌቦቹስ?" አልኳት እኔ። "ባለፈው ወር ጣራውን የፈቱት?"

"እነሱን እኮ ማክሰኞ ለት እናንተው አሰራችኋቸው።"

እውነቷን ነው። ምስክራቸው እኛው ነን። ኢንስፔክተር በጎን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ኮርኒሱን አየሁ።

ከመሄዳችን በፊት ኢንስፔክተር ደወሉ ሥር ቆመች። ገመዱ ከሰው ራስ በላይ ታስሮ የኖረ ነው። ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ገመዱ ላይም ደረቅ ደም ነበር።

"ሰው የመታ ሰው ደወል ይደውላል?" አለች ለራሷ።

ፋን ሮየን የሚኖረው ባሕሩ ዳር ባለ የአረጋውያን ቤት ነው። መንገዱን ሁሉ ጥፋተኛው እሱ እንዲሆን ስመኝ ነበር፤ አልደብቅም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ስናየው ምኞቴን ውሃ በላው። አንድ እግሩ በስኳር በሽታ ተቆርጧል። አስታማሚዋም ጠዋት በጸሎቱም በቁርሱም አብሯት እንደነበር ማለችልን።

"ዶንዳ ሞተ?" ብሎ ነው የተቀበለን።

"ገና አልነቁም" አለችው ኢንስፔክተር። "ትናንት ለምን ጮኹባቸው?"

"ቁልፉን ልሰጠው ሄጄ ነው።"

"ቁልፉ እርስዎ ጋ ምን ያደርጋል?"

ወንበሩን ወደ ባሕሩ አዞረ።

"የፋሲካ በዓል ነበር" አለ። "ልጁ አገዳ ሰርቆ ሲበላ ተይዞ የመጣ ነው። ወለሉን በደንብ አልወለወልክም ብዬ ጨለማው ክፍል ቆለፍኩበት። ከዚያ ዓሣ ላጠምድ ወደዚህ መጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ረሳሁት። በእግዚአብሔር ስም፣ ረስቼው ነው።"

"ዶንዳስ?"

"ያኔ የወጥ ቤት ረዳት ነበር፣ ጎረምሳ። በሩን ሊሰብር መጥረቢያ ሲያነሳ ጠባቂዎቹ ደበደቡት። ከዚያ በሩ ሥር ተቀምጦ አወራው። ልጁ እየመለሰለት አወራው። መመለስ ሲያቆምም አወራው። እኔ በዓሉ አልፎ ስመለስ ገና እያወራው ነበር።"

አስታማሚዋ ፊቷን አዞረች።

"ቁልፉን ልጥለው ስንቴ ባሕሩ ዳር ወስጄዋለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰሞኑን ዶንዳ ደወለልኝ። 'የልጁን ወንድም አገኘሁት፣ አርብ ይመጣል። ቁልፉን አምጣና አንተው በእጅህ ስጠው' አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። የወንድሙን ፊት ማየት ግን አልቻልኩም።"

"ስምዎን ባያነሱልዎት ደስ ይልዎት ነበር" አለችው ኢንስፔክተር በለሆሳስ። "ዛሬ ግን እኔ አነሳዋለሁ።"

እሱም አንገቱን ነቀነቀ። እፎይ ያለ መሰለኝ።

መኪና ውስጥ ሆዴ ውስጥ ያለውን ማውጣት ነበረብኝ። "አለቃ፣ እንዳትቆጪኝ። ሽማግሌው እኮ ይሄን ሁሉ አያውቁ ይሆናል። ዶንዳን ከገዳዮቹ አንዱ አድርገው ቢያስቡስ? ወንድማቸው በሞተበት በር ላይ የድሮ ሠራተኛ ቆሞ ቢያዩ፣ ደማቸው ቢፈላ…"

"እኔም እሱን እያሰብኩ ነው" አለች። "አስቤዋለሁና ነው የፈራሁት።"

"ልጁ በበዓል ሰሞን ተቆልፎበት ሞተ። እኛ ደግሞ ወንድሙ ላይ እስከ ሰኞ ልንቆልፍባቸው ነው" አልኳት።

"ለዚህ ነው ፍጠን የምልህ።"

ሆስፒታል ባባ ዶንዳ ራሳቸው በነጭ ፋሻ ተጠምጥሞ፣ ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ ተኝተዋል። ነርሷ የቀኝ እጃቸውን ፋሻ ፈታችልን። መዳፉና ጣቶቹ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ኢንስፔክተር መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። ከዚያ ነርሷን ጠየቀቻት።

"የተቀደደ ነገር አለ? ተጎትቶ የተሸረከተ?"

"የለም። የተወጋ ቀዳዳ ብቻ ነው። ጠልቋል ግን፤ ጥብቅ አድርገው የያዙት ነገር ይመስላል።"

ኢንስፔክተር የሽማግሌውን እጅ መልሳ አልጋው ላይ አኖረችና ለትንሽ ጊዜ ሳትለቀው ቆየች። ስትዞር አይኗ ውስጥ እንባ ነበር።

"ምን አየሽ?" አልኳት።

"ቅርንጫፉን ካየሁ በኋላ እነግርሃለሁ።"

ጣቢያ ስንደርስ የላቦራቶሪው መኪና በር ላይ ቆሟል። ሻምበል ናይዱ የኤግዚቢት ፕላስቲክ ከረጢት ይዞ እስር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነው። ሽማግሌው ጥግ ላይ ተሸጉጠው፣ ቅርንጫፉን በሁለት ክንዳቸው አቅፈዋል። እሾሁ ሸሚዛቸውን አልፎ ገብቷል።

"አንዴ ብቻ ሻምበል" ብላ አለፈችው። ገብታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሽማግሌውን አላየቻቸውም፤ ያየችው ቅርንጫፉን ነው።

"ዜንዜሌ" አለች። "ቶቢሌ እባላለሁ፣ የማካዬ ልጅ ነኝ። ወንድምህን ምንም አልጠይቀውም፣ አንተም አትስጋ። ባባ ዶንዳ ታመው ተኝተዋል፣ ምን እንዳገኛቸው ማወቅ እፈልጋለሁ። ቅርንጫፍህን ላየው ፈቃድህ ይሁን። አልነካውም።"

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ ክንዳቸውን ፈታ አድርገው የቅርንጫፉን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ እሷ አዞሩት። ጫፉ ላይ ያሉት እሾሆች ደም ነክቷቸዋል። ቅጠሎቹ ግን አንድም አልረገፉም።

"አመሰግናለሁ ልጄ" ብላ ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ሻምበሉን እንዲህ አለችው፤ "ይህን እሾህ ያውቁታል።"

"አጥሬ ላይ አለ። ሸሚዝ ጨርሶብኛል።"

"ሲይዝዎት ቢጎትቱት ምን ይሆናል?"

"ይቀድዳል። አንዱ እሾህ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ። ቆዳም ሸሚዝም አይምርም፤ ቅጠሉም ሁሉ እጅህ ላይ ይቀራል። የሚለቅህ ዝም ብለህ እጅህን ስትከፍት ብቻ…"

ሻምበሉ የገዛ መዳፉን አየ።

"የዶንዳ መዳፍ አልተቀደደም" አለች። "ቅጠሉም አልተመለጠም። ታግለው ቢሆን ሁለቱም በሆነ። ተገፍትረው ቢሆን ደግሞ ቅርንጫፉን ከመጀመሪያው አይዙትም ነበር።"

"እና ምን ተፈጠረ?"

"ዶንዳ በሩን ከፈቱላቸው። ወንድማማቾቹ ብቻቸውን እንዲሆኑ ብለው ደረጃው አጋማሽ ድረስ ወጥተው ጠበቁ። ምዚሜላ ልጁን ጠርተው ወጡ፤ በአንድ እጃቸው ፋኖስ፣ በሌላው ቅርንጫፉ። ያ ደረጃ ሁለት ሰው ያሳልፋል። እዚያ ላይ ግን ሦስት ሆኑ። ዶንዳ ልጁን መጋፋት አልፈለጉም፤ ጀርባም ሊሰጡት አልፈለጉም። ፊታቸውን ወደሱ እንዳደረጉ መንገድ ለቀቁለት፤ በባዶው በኩል።"

ክዌዚ ኮፍያውን አወለቀ።

"እግራቸው ሲከዳቸው" አለች ኢንስፔክተር፣ "ምዚሜላ በእጃቸው የነበረውን ዘረጉላቸው። ዶንዳ ያዙት፣ ጥብቅ አድርገው። ከዚያ የያዙት ምን እንደሆነ ገባቸው። ቢሰቀሉበት ይሰበራል፤ ልጁም ተመልሶ ወደዚያ ጎሬ ይወድቃል። ስለዚህ እጃቸውን ከፈቱ።"

ሻምበል ናይዱ ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ከዚያ ምዚሜላ ፋኖሱን አስቀምጠው ወረዱ። ኮታቸውን አነጠፉላቸው። መጮህ ስለማይችሉ…"

"ደወሉን ደወሉ። ሊሸሹ ሲችሉም ተመልሰው አጠገባቸው ተቀመጡ።"

"ቆንጆ ግምት ነው፣ ማካዬ" አለ ሻምበሉ በቀስታ። "ግምት ግን ኤግዚቢት አይሆንም…"

የጥበቃው ክፍል ስልክ አቋረጠው። ሄዶ ራሱ አነሳው። አዳመጠ። "እሺ" አለ፣ እንደገና "እሺ" አለ። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል።

"ዶንዳ ነቅተዋል።"

"ማን መታኝ አሉ?" ብሎ ክዌዚ ቀደመን።

"ነርሷ ጠይቃቸው ነበር። አልመለሱላትም። እሳቸው ናቸው የጠየቋት። 'ልጁ ወጣ?' ነው ያሉት።"

ኢንስፔክተር ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስደገፈች። እኔ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ፤ ያገኘሁት ከጠዋት ጀምሮ ያልበላሁትን ጥብስ ዳቦ ነው።

በሩን ሻምበሉ ራሱ ከፈተው። "ይሂዱ ባባ" አለ። ሽማግሌው ብድግ ብለው ቅርንጫፋቸውን አስተካከሉ። "ዜንዜሌ፣ እየወጣን ነው" አሉ። ሻምበል ናይዱ፣ ያ ወፍራም ሰውዬ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገዱን ሁሉ ለቀቀ። ሽማግሌው አልፈው ከሄዱ በኋላም በሩን ለመዝጋት አልቸኮለም።

መናኸሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ለሁለት መቀመጫ ከፈልኩ። ሹፌሩ "ሌላኛው ሰውዬ የታሉ?" ሊል አፉን ሲከፍት ቅርንጫፉን አየ፤ ሙዚቃውን አጥፍቶ በመስኮቱ በኩል ያለውን መቀመጫ ራሱ አራገፈላቸው።

ቅዳሜ ሁላችንም ባባ ዶንዳን ጠየቅናቸው። እሑድ ከሰዓት ጣቢያው ስልክ ጮኸ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

"ምዚሜላ ነኝ" አለ አንድ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ። ከዚያ ቀጭን ሰውዬ ይወጣል ብዬ የማልጠብቀው ድምፅ ነው። "ደርሰናል። ፍየል አርደን እናታችን አጠገብ አሳርፈነዋል።"

ኢንስፔክተርና ሻምበሉ ሮጠው መጡ። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፈትኩት።

"ቃሌን ትፈልጉ ነበር፣ ልስጥ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "አየሁት። እጁን ሲከፍት አየሁት። 'ያዝ! አትልቀቅ!' ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነበረች። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ዋጥኳት። ለሞተው ብዬ በሕይወት ያለውን ሰው አስወደቅሁት። ይሄ ነው ቃሌ፤ ጻፉት።"

ሻምበሉ እስክሪብቶውን አላነሳም። ኢንስፔክተር ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

"ባባ፣ ትናንት ዶንዳን ይሄንኑ ጠይቄያቸው ነበር። 'ጮኸው ቢሆንስ?' አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት?"

"ንገሪኝ ልጄ።"

"'ያንን በዓል ሙሉ እዚያ በር ሥር ተቀምጬ፣ ከዚህ አወጣሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር። ወንድሙ አንዲት ቃል ተንፍሶ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ይቅር አልለውም ነበር' ነው ያሉት።"

ከወዲያኛው በኩል ሽማግሌው ሲያለቅሱ ሰማን። ሻምበል ናይዱ ወንበር ስቦ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ፤ እስኪበቃቸው ድረስም ማናችንም አልዘጋነውም።